ያልተዘጋው ፋይል

ያን ዓመት ዝናብ አልጣለም። ከዚያ በፊት የነበረውም ዓመት እንደዚያው።

ኩሬው ደረቀ። ከበጎቹ ግማሹን ሸጥን፤ ከቀሩትም ብዙዎቹን ቀበርን። የተረፈን ከቤቱ ጀርባ ባለው ታንከር ውስጥ ያለው ውሃ ብቻ ነበር። እሱ ካለቀ እኛም አለቀልን።

የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ቦታው አውስትራሊያ፣ ከብሮክን ሂል ከተማ በስተሰሜን ያለው እርሻችን። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጨለማ ቢሆን ይሻለኝ ነበር...

ልጄ ሜረን ከአደላይድ ከተማ መጥታ ታንከሩ ላይ የውሃ መለኪያ ገጥማ ነበር። ከላፕቶፗ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም የጻፈችው ፓይተን በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። በየሰዓቱ አንድ ፋይል ይከፍታል፣ የውሃውን ከፍታ ከስር ይጨምራል፣ ይዘጋል።

"መዝጋቱ ለምንድን ነው?" አልኳት።

"ካልተዘጋ የተጻፈው ሳይቀመጥ ሊቀር ይችላል፣ አባዬ። የከፈቱትን መዝጋት ነው።"

"በርም እንደዚያው ነው። አንቺ ግን ዘግተሽ አታውቂም።"

ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

ያን ቀን ላፕቶፑ ላይ አፍጥጣ ቆይታ ቀና አለች።

"አባዬ... ቧንቧ ከፍተሃል?"

"አልከፈትኩም።"

"ውሃው እየወረደ ነው።"

ወጥቼ ታንከሩን ዞርኩት። የሚያፈስ ነገር የለም። ከስሩ ያለው አፈር ዱቄት ነው። ጎኑን አንኳኳሁ።

ባዶ ድምፅ... ውሃው ከጠዋቱ ዝቅ ብሏል።

በጎቹ ገንዳቸው ጋ አልነበሩም። ሁሉም አጥሩ ስር ተሰልፈው ወደ ኪሆ መሬት ያያሉ።

አንድም አይጮኽም።

ኪሆ ጎረቤቴ ነበር። ባለፈው ድርቅ አጥሩን በፒንሳ ቆርጦ በጎቼን ከራሱ ውሃ አጠጣልኝ። የእኔ ተረፉ። የሱ በውሃ ጥም አለቁ። ልክፈልህ ስለው ሳቀብኝ።

"ገንዘብህን ለሚስትህ ስጥ፣ አንተ ግትር። የሰጠሁህ ውሃ ነው፤ ውሃ ትመልሳለህ።"

ዝናቡ ሳይመጣ ሞተ። መሬቱን የገዛው የለም። ገንዳው ከዚያ ወዲህ ጠብታ አላየም።

ቤት ስመለስ ሜረን የመለኪያውን ገመድ ነቅላ በእጇ ይዛለች።

"ፕሮግራሙን አቁሜዋለሁ" አለች በሹክሹክታ። "ገመዱም ይኸው።"

"እና?"

"እየጻፈ ነው..."

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከፋይሉ ስር አንድ መስመር ተጨመረ። ከዚያ ሌላ። ሰዓት አይጠብቅም። ቁጥሩ ይወርዳል።

"አጥፊው!"

"ቆይ... እንደ አዲስ ለመጻፍ ልክፈተው። እንደዚያ ሲከፈት የነበረው ሁሉ ይጠፋል።"

ከፈተችው። ፋይሉ ባዶ ሆነ። ሁለታችንም ተነፈስን።

ከዚያ የመጀመሪያው መስመር ተመልሶ መጣ...

ሁለተኛውም...

ቁጥሩ ካቆመበት አልፎ ወረደ።

ፋይሉን ልትሰርዘው ሞከረች። ማሽኑ እምቢ አለ። ሌላ ይዞታል፣ ክፍት ነው፣ ይላል።

"ማነው የያዘው?"

"እኔና አንተ ብቻ ነን እዚህ ያለነው።"

"ሜረን። ማነው?"

"አላውቅም እኮ! አትጩህብኝ..."

ውጭ ታንከሩ ጓ አለ። ባዶ ቆርቆሮ ሙቀት ሲመታው እንደሚለው።

የመጨረሻው መስመር ዜሮ ነበር። ከሱ በኋላ የተጨመረ የለም።

ሜረን እንደገና ነካካችው። አሁን እሺ አላት።

"ተዘግቷል" አለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። "የያዘው... ለቀቀው።"

ቧንቧውን ከፈትኩ። አየር ተነፈሰ፤ ከዚያ እሱም ቀረ።

ፒንሳዬን ይዤ ወደ አጥሩ ሄድኩ። የኪሆ ገንዳ ከወዲያ በኩል እስከ አፉ ሞልቷል። ውሃው ያብለጨልጫል። ሽቦውን ቆርጬ በጎቼን ገፋኋቸው። እግራቸውን ተክለው እምቢ አሉ። አንዲቱ እየተንቀጠቀጠች እዚያው ተንበረከከች።

ያኔ ድምፁን ሰማሁ።

የመጠጣት ድምፅ... የብዙ አፍ።

ገንዳው ጋ ምንም እንስሳ የለም። ዙሪያው ያለው መሬት ግን ጭቃ ሆኗል፤ ጭቃው ላይ የበግ ኮቴ አንድ በአንድ እየታተመ ነው። ውሃው ጣት በጣት ይጎድላል።

ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

የኪሆ በጎች እስኪጠግቡ ቆሜ ጠበቅኋቸው።