የሦስት ቀን መንገድ

«እስቲ ድገሚው፤ ደግሞ ቶሎ ቶሎ አትበይ» አለች ዘርትሁን፣ ለበሶ የሚሆን ገብስ እየቆላች።

ሸዋረጋ ደብዳቤውን ለእናቷ ስታነብ ይሄ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ስድስት ወር ያለፈው ወንድሟ አካሉ ደህና ነኝ ይላል። አሥመራ ተስማምቶኛል ይላል። እጁን ትንሽ ስላመመው ጓደኛው ነው የጻፈለት። እስካሁን ልብ ያላለችውን ቀን ገና አሁን አየችው፦ ኅዳር 12።

ኅዳር 12 ትናንት ነው። ትናንት ከእናቷ ጋር የካ ሚካኤል ንግሥ ላይ ነበሩ።

«ውኃ ልቅዳ» ብላ ወጣች። የያዘችው ግን ደብዳቤውን እንጂ እንስራውን አልነበረም።

ደብዳቤውን «ከአሥመራ የመጣ ወታደር ሰጠኝ» ብለው ጠዋት ያመጡት የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ተሾመ በራፋቸው ላይ ጫማ ይጠርጋሉ።

«ጋሽ ተሾመ፣ ደብዳቤውን ያደረሰው ወታደር በምን መጣ?»

«በአውቶቡስ ነዋ። ምን፣ መርማሪ ሆንሽ?»

«ከአሥመራ እዚህ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንዱን አዳር መቀሌ፣ አንዱን ደሴ፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ በሦስተኛው ቀን ይገባል። ይሄ የተጻፈው ትናንት ነው።» መንገዱን የትምህርት ቤት ካርታ ላይ በክር ስትለካው ስድስት ወሯ ነው፤ ለፈተና ብላ አልነበረም።

ጋሽ ተሾመ ወረቀቱን ተቀብለው አዩት። ሃያ ዓመት የእድር ቃለ ጉባኤ ሲጽፉ፣ ቀን ሳያስቀድሙ አንድ መስመር ጽፈው አያውቁም። ውሸቱንም በወጉ ጽፈውታል።

«ከቀበሌ ከነገሩን ሳምንት ሆነ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መርዶውን ለእሁድ ቆርጠናል፣ ዘመድ ከሰላሌ እስኪገባ። እናትሽ ባየችኝ ቁጥር ደብዳቤ መጣ ወይ ስትለኝ፣ ምን ልበላት?»

ሸዋረጋ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ሳምንት ሙሉ ሰፈሩ እያወቀ፣ እንደምን አደርሽ፣ አካሉ እንዴት ነው ሲላት ከረመ?»

«ልጄ፣ መርዶ በሽማግሌ ነው የሚነገር፣ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ። ብቻዋን ሰምታ አንድ ነገር ብትሆንስ? ሦስት ቀን ነው። አፍሽን ያዢ።»

«እርስዎ ሲጽፉ እጅዎን ማን ያዘው?» አለችና ወረቀቱን ነጥቃ ሄደች። ታላቅን እንዲህ ተናግራ አታውቅም፤ ይቅርታ የመጠየቅ ሐሳብም አልመጣላትም።

እናቷ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የገብሱን ከረጢት ብብቷ ሥር ይዛ ልትወጣ ነው።

«የት ነው?»

«ሾላ፣ ወፍጮ ቤት። ወታደሩ ሳይመለስ ላድርስለት ብዬ። አካሉ በሶ ሲወድ ታውቂ የለ? እግረ መንገዴን ጎረቤቱንም ላበሥር፣ ሁሉም ሲጠይቀኝ ነው የሰነበተው።»

ሸዋረጋ ስለ እሁድ አሰበች፤ በማለዳ ተሰልፈው ስለሚገቡት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች። ከዚያ ከረጢቱን ከእናቷ ብብት ወስዳ መሬት አስቀመጠች። በሩን ዘጋች።

«እማዬ» አለች፣ «ነጠላሽን አውልቂና አጠገቤ ተቀመጪ።»