ራቁቱን የቀረው ሸክላ

በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ግርጌ፣ ሁለት ክፍል ባላት አንዲት ቤት ውስጥ ሃምሳ ሦስት የዘፈን ሸክላዎች ነበሩ። ቤቲቱ ከእነሱ ሌላ የሚወራለት ንብረት አልነበራትም። የለተጊዮርጊስ ባል ፀሐዬ ራዲዮ ጠጋኝ ሲሆን፣ ጥቂት በተረፈው ቁጥር ፒያሳ ወርዶ ሸክላ ታቅፎ ይመለሳል። «ሰው እህል ይሸምታል፣ የኔው ጉድ ዘፈን ይሸምታል» እያለች ታሾፍበት ነበር። ፀሐዬ ግን የማይሻር ሕግ ነበረው፤ ቃል ያልተጻፈበት ሸክላ እሱ ቤት አያድርም! ቀኑን፣ ምክንያቱንና አብሮ የነበረውን ሰው ሁሉ በሽፋኑ ጀርባ ይጽፋል፤ እንግዳም ሳይፈርም ከበር አይወጣም። በሰማያዊው ሽፋን ላይ «ለተጊዮርጊስ እሺ ያለችኝ ቀን» ይላል። በቢጫው ላይ ደግሞ «ዓለሙ ተወለደ፤ አዋላጇ ምስክር ናት» ይላል፤ ፊደል የማታውቀው አዋላጅም አጠገቡ በአውራ ጣቷ ፈርማለች። ኩላሊቱ ከድቶት አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ሲያርፍ፣ ፀሐዬ ለአንድ ልጁ ያወረሰው ያንን ሕግ ነበር።

ዓለሙም የአባቱን ሕግ አላጎደለም። ሐምሌ 23 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያለቀ ሰሞን፣ አራት የክፍል ጓደኞቹ ቤት መጥተው ከምሳ እስከ ምሽት ሲጨፍሩ ዋሉ። ከአራቱ አንዷ መብሩካ ነበረች፤ የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊዋ የረሂማ አንድያ ልጅ! ሲሄዱ ዓለሙ በጨፈሩበት ሸክላ ሽፋን ጀርባ ቀኑን ጻፈ፤ ሁሉም ፈረሙ። መብሩካ ግን ፊርማ ብቻ አልበቃትም፤ «ዓለሙ መደነስ አይችልም! ምስክሯ እግሯን የተረገጠችው መብሩካ» ብላ ጻፈች። ለተጊዮርጊስ ያን ቀን እንደሳቀችው ከዚያ በኋላ አልሳቀችም።

ኅዳር ላይ አብዮት ጠባቂዎች ዓለሙን ከበር ላይ አፍሰው ወሰዱት። ሐምሌ 23 ቀን ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ ወረቀት በትነሃል ነበር ክሱ። አሥር ቀን ሙሉ እናቲቱ ስንቅ ይዛ ቀበሌው በር ላይ ቆመች፤ አሥር ቀን ሙሉ ስንቁ ተመለሰ። በዚያ ዘመን የስንቅ መመለስ የመገደል ምልክት እንደሆነ የማታውቅ እናት ማን ነበረች? በአሥረኛው ቀን አንድ ነገር ብልጭ አለላት። ሐምሌ 23! ያ ቀን እኮ ተጽፏል! ምስክሮቹም ፈርመዋል! የባሏን ፎቶግራፍ ሳመች፤ «ፀሐዬ፣ በሞትህም ልጃችንን አዳንከው» አለች። ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥታ በዓለሙ ትራስ ላይ አስቀመጠች። ሽፋኑን በነጠላዋ ጠቅልላ እየሮጠች ወረደች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ!

የቀበሌው ሊቀመንበር ሽፋኑን አገላብጦ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ፈገግ አለ።

«ልጅዎ ብቻዬን ጫካ ውስጥ ነበርኩ፣ አብሮኝ የነበረ ሰው የለም ብሎናል። አሥር ቀን ሙሉ! ለመሆኑ ይቺ መብሩካ የምትባለዋ ቤቷ የት ነው?»

«ጎረቤቴ ናት፣ ጌታዬ። ይጠይቋት፣ ትመሰክርለታለች!»

ወዮ! ምላሷ ያን ጊዜ ተቆርጦ ቢወድቅ ምን ነበረበት? ሰውዬው ስሞቹን በጣቱ እየነካ ሲቆጥር ነው ነገሩ የገባት። ሽፋኑን ለመንጠቅ እጇን ሰደደች። ሰውዬው ግን መሳቢያው ውስጥ ከትቶ ቆልፎበታል። 

ፀሐይ ሳትጠልቅ መብሩካን ወሰዷት። «እማ፣ ሻዩን እንዳትደፊው፣ መጣሁ» ብላ ወጣች፤ ወጥታም ቀረች። ከተያዙት ከአራቱ ሁለቱ ከወራት በኋላ ተፈቱ። የመብሩካና የሌላው ጓደኛቸው ግን ሬሳቸው እንኳ አልተገኘም።

ዓለሙ በማግስቱ በሁለት ሰው ተደግፎ ቤቱ ገባ። «እናትህ ስለተባበሩን ነው» ተብሎ ተለቀቀ! ትራሱ ላይ ራቁቱን የተኛውን ሸክላ ሲያይ ነገሩ ገባው።

«እማዬ… ገልብጠው ውስጥ እግሬን ሲገርፉኝ ያልሰጠኋቸውን አንቺ በእጅሽ ወሰድሽላቸው?»

  እግሩ እንደጠገገ ለዘመቻ ተመዘገበ፤ መጋቢት ላይ ከምሥራቅ ጦር ግንባር መርዶው መጣ። ለተጊዮርጊስ መሬት ላይ ስትንከባለል አንስታ ያቀፈቻት ማን ነበረች? ረሂማ! «የኔ ለቴ፣ እኔና አንቺ አንድ ሆንን» እያለች፣ የራሷን ሐዘን ትታ፣ ሰባት ቀን ከጎኗ አልተለየችም።

ከዚያም ረሂማ በየዓመቱ ሐምሌ 23 ትመጣለች። «ልጄ የጨፈረችበትን ክፈቺልኝ» ትላለች። ለተጊዮርጊስ ሸክላውን ታጫውትላታለች፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ያደምጣሉ። «ሽፋኑስ?» ብትላት «አይጥ በላው» ብላታለች። ስምንት ዓመት ያን ውሸት ተሸክማ ኖረች። ንስሐ አባቷ «ለእግዚአብሔር ነግረሻል፣ ለሷም ንገሪያት» ቢሏትም ድፍረቱን አላገኘችም።

በ1978 ዓ.ም. ረሂማ እንደወትሮዋ መጣች፤ በእጇ ግን አንድ ነገር ይዛለች። የመብሩካን የትምህርት ቤት ቀሚስ ቆርጣ፣ ካርቶን ከትታበት፣ ዳር ዳሩን በመርፌ ለቅማ የሸክላ ሽፋን ሰፍታለች።

«እንቺ፣ ይሄን አይጥ አይበላውም። ስንት ዓመት ራቁቱን ይኑር?»

ለተጊዮርጊስ ጨርቁን ነካችው። መሬት ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ተናገረች፤ ቀኑን፣ መሳቢያውን፣ «ጎረቤቴ ናት» ያለችውንም ሳይቀር። ረሂማ አልጮኸችም።  «ያ አላህ!» አለች በቀስታ፣ «ስምንት ዓመት እቤትሽ መጥቼ አለቀስኩ እኮ!» ሽፋኑን ከእጇ ወስዳ ወጣች።

አርባ ቀን በሯ ለለተጊዮርጊስ አልተከፈተም። የልብስ ስፌት መኪናዋ ድምፅም ጠፋ። ለተጊዮርጊስ እህል ውሃ ተዘጋባት፤ «ኪዳነ ምሕረት፣ ምነው ነፍሴን ብትወስጃት» እያለች ተኛች። በአርባ አንደኛው ቀን ከሰዓት ላይ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ረሂማ ናት፤ ከስታለች። ያንን የጨርቅ ሽፋን፣ መርፌና ነጭ ክር ይዛለች።

«ይቅር ልበልሽ አልበልሽ ገና አላውቅም» አለች፣ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀምጣ። «የልጄ ጽሕፈት ግን ሌላ ቦታ የለም፤ ደብተሮቿንም ወስደዋቸዋል። የጻፈችውን ያየሽ፣ አጠገቤ የቀረሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት ቆጥሬዋለሁ፤ አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልስፋው።»

አይ ዕጣ! ልጆቻቸውን ወስዶ እነዚህን ሁለት ሴቶች ለምን እንደተዋቸው ማን ይመልሳል? ለተጊዮርጊስ በክርኗ ተደግፋ ተነሣች። «ዓለሙ መደነስ አይችልም» አለች። ረሂማ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ ጨርቁ ላይ ወረደ። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ መርፌዋን ወጋች።

«ቀስ በይ… ፊደል በፊደል ንገሪኝ። ከዚያስ ምን አለች?»