አስራ ሰባቱ አንዶች

በትምህርት ቤቱ ካለው የጡረተኛው መምህር ገብረ መድህን ቁም ሳጥን የጠፋው አንድ ደብተር ብቻ ነው። ሌባ ቀርቶ ቆራሌው እንኳ ዞር ብሎ የማያየው፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ደብተር።

ሳጅን ፈይሩዛ ውስጡ ምን እንዳለ ስትሰማ ግን ደነገጠች። የቀድሞ አስተማሪዋ አስራ ሰባት አንዶች ተደርድረው የሚጻፈውን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍል፣ ከአንድና ከራሱ ሌላ የሆነ ቁጥር ለማግኘት ዘጠኝ ዓመት ለፍተዋል። አግኝተውትም ዓርብ በትምህርት ቤቱ የሂሳብ በዓል ሊያሳዩ ነበር።

"ኮምፒዩተር ባንድ አፍታ ያገኘዋል፤ አውቃለሁ" አሉ። "የእኔ ኩራት በእጄ ማግኘቴ ነው።"

የቁም ሳጥኑ ቁልፍ የሚቀመጠው ከዲሮ በሚባለው የትምህርት ቤቱ ጥበቃ እጅ ነው። እሳት የሚያያይዘው በአሮጌ ወረቀት መሆኑን ሰምታ አፋጠጠችው።

"ወላሂ፣ የቲቸርን ጽሑፍ አላቃጥልም" አላት። "ልጆቼን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።"

ቁልፉን ግን የጠየቀው መምህር ሁሉ ይወስዳል። አመነችው።

ዓርብ ወጣቱ የሂሳብ መምህር ዘሪሁን አዳራሹ ውስጥ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ለጠፈ። "የብዙ ዓመት ድካሜ" ይላል። እንደ ወረቀቱ፣ አስራ ሰባቱ አንዶች 2071823 በ5363222357 ሲባዛ የሚገኙ ናቸው።

ፈይሩዛ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ፈገግ ብለዋል። ነገሩ ገረማት።

ዘሪሁንን ለብቻው ጠየቀችው። አልተርበተበተም። "ሁለት ሰው አንድ መልስ ሊያገኝ ይችላል" አለ። "ቁጥር ባለቤት የለውም።"

እውነቱን ነው። ተመልሳ ሰሌዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየች።

በልጅነቷ መምህሩ ያስለመዷት ነገር ነበር፤ ቁጥር ተባዝቶ ስታይ አንድ አሃዝ እስኪቀር አሃዞቹን ትደምራለች። አሁንም ጣቷ ሳታዘው መቁጠር ጀመረ። የመጀመሪያው አምስት፣ ሁለተኛው ሁለት። ሲባዙ አስር፤ ተደምሮ አንድ። አስራ ሰባቱ አንዶች ግን ሲደመሩ ስምንት ነው የሚሰጡት።

ስሌቱ ስህተት ነው። ሽማግሌው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው ነገሯት፤ ደብተሩ ላይ አንዱን አሃዝ ሆን ብለው አሳስተው ጽፈዋል። ቤት ቁልፍ እንዳለው ሁሉ የእሳቸውም ደብተር አለው። ትክክለኛው ያለው ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው።

ፈይሩዛ ለሁለቱም ጠመኔ ሰጠች። "አካፍሉ" አለች።

ዘሪሁን በወረቀቱ ቁጥር አካፈለ። ቀሪ ወጣ። ደገመው፤ ያው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሽማግሌው ከኋላ ሦስተኛውን ስምንት ወደ ሰባት ለወጡና ተረጋግተው አካፈሉ። መጨረሻው ዜሮ ሆነ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ደብተሩ ከዘሪሁን ቦርሳ ወጣ። "አስራ ሁለት ዓመት ሳስተምር አንድም ቀን ስሜ አልተነሳም" አለ አንገቱን ደፍቶ። ፈይሩዛ አዘነችለት፤ ቃሉን ግን መዘገበች።

መምህሩ ጠመኔውን አቀበሏት። "አረጋግጪ።"

ደመረች። አራት፤ ሁለት፤ አባዛቻቸው። "ስምንት" አለች።

ሽማግሌው ዘጠኝ ዓመት የለፉበት ቁጥር ያለበትን ሰሌዳ ዞረውም አላዩት። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳርፈው ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ።

"ይህችን ያስተማርኳት እኔ ነኝ" አሉ።