ሳትጠየቅ የተቆጠረች

በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ የአሜሪካ መንግሥት ከተዘጋ ሃያ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። ዊላ ቴትሪክ በምክር ቤቱ ምድር ቤት ካለው ምግብ ቤት አንድ ጥግ ይዛ የቦሎቄ ሾርባዋን በማንኪያ ታማስላለች እንጂ አትበላም። ሾርባው ያው ነው፣ ወሬውም ያው ነው። ደወል ይደወላል፣ ተመራጮቹ ካርዳቸውን ይዘው ወደ አዳራሹ ይገባሉ፣ ግድግዳው ላይ ከየስማቸው ጎን አረንጓዴና ቀይ መብራት ይበራል፣ የቀረበው ሐሳብ ይወድቃል፣ ሁሉም እያዛጋ ወደ ቢሮው ይመለሳል። ደሞዝ የለም፤ ሥራው ግን አለ። ድካም ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ሰሞን አፈ ጉባኤው እሱ ይሆን ነበር።

ጠቡ ከተቃዋሚው ፓርቲ ጋር ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከሌላ ሰው ጋር መጣላት ቢያንስ ቤት ገብተው ያርፉበታል። የዊላ ፓርቲ ግን ራሱ ለሁለት ተሰንጥቆ አንዱ ሌላውን ሰላም አይልም። አንደኛው ወገን «ተቃዋሚዎቹ እጅ እስኪሰጡ ድረስ አንከፍትም» ይላል፤ ሌላው «ሕዝቡ አለቀ፣ ይብቃን» ይላል። ሕንፃው ሁሉ የመጀመሪያዎቹን «ችካሎቹ» ብሎ ሰየማቸው፣ ሁለተኞቹን «ሸምበቆዎቹ»። በሃያ ስምንተኛው ቀን የፓርቲው መሪ ራሱ ሰልችቶት ወደ ሸምበቆዎቹ ዞረና ከተቃዋሚዎቹ ጋር ተስማማ። የጎደለው ከችካሎቹ መሀል ጥቂት ሰው ነው።

ዊላ የምትሠራው ከችካሎቹ ሁሉ ጠንካራው ዘንድ ነበር። አቶ ታልቦት ይባላሉ፤ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ፣ የኬንታኪ ተራሮች ተመራጭ፣ የአገሯ ሰው። የምትወደው ሰው ደግሞ የሚሠራው ለመሪው ነው።

ኤሞሪ ካልድዌል ድምፅ ቆጣሪ ነው። ማን አዎ ይላል፣ ማን እምቢ ይላል፣ ማን ያመነታል እያለ በእርሳስ የሚሞላት አንዲት የታጠፈች ካርድ ከደረት ኪሱ አትጠፋም። የተዋወቁት ባለፈው ዓመት እዚሁ ምግብ ቤት ነው። የመጨረሻው የሾርባ ሳህን ላይ ሁለቱም እጃቸውን እኩል ዘረጉ፣ እሱ ግን ዓይኑ ካርዱ ላይ ነበርና ሳህኑን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። «ልትበላው ነው ወይስ ልትቆጥረው?» አለችው። ደነገጠ፣ ሳቀ፣ ሁለት ማንኪያ ጠየቀ። ያን ቀን ስለ ሥራው ስትጠይቀው የሥራው ሕግ አንድ ብቻ መሆኑን ነገራት። ከሰውየው ከራሱ አፍ ካልሰማህ አትቁጠር። ዊላ ይህን አባባል ወደደችው፤ እውነቱን ለመናገር የወደደችው ተናጋሪውን ነው።

አሁን ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። ዓይኖቹ ቀልተዋል፣ ሸሚዙ የትናንቱ ነው።

«ታልቦትስ እንዴት ናቸው?» አላት፣ እንዲሁ ለወሬ ያህል።

«ደክሟቸዋል» አለች። «ጠዋት የእህቴን ደብዳቤ ሰጠኋቸው። ኢዳ ዘብ ከምትቆምበት ወህኒ ቤት እስከ ቤቷ ለመመላለስ ነዳጅ መግዣ ስላጣች ሌሊቱን መኪናዋ ውስጥ ነው የምታድረው። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን አሹ። እንጃ፣ ከዚህ በላይ የሚችሉ አይመስለኝም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የኤሞሪ እጅ ወደ ደረት ኪሱ ሄደች። ዊላ አይታለች። ማሰብ እስኪያቅታት ደክሟት ስለነበር ተወችው።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አቶ ታልቦት ከቢሯቸው ወጥተው በኮሪደሩ ሲያልፉ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን የገዛ ስማቸውን ሰሙ። መሪው ጋዜጠኞችን ሰብስቦ፣ ታልቦት እንኳ ልብ ገዝተው ወደኛ መጥተዋል፣ ድምፁ ሞልቷል፣ ዛሬ እንከፍታለን እያለ ነበር። ሽማግሌው ቆመው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከጎናቸው የሚያልፉ ችካሎች በዓይናቸው ገርፈዋቸው አለፉ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው የሚባለው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደወሉ ሲደወል አቶ ታልቦት ካርዳቸውን ይዘው ገቡ፣ ከስማቸውም ጎን ቀይ መብራት በራ። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ለሁለት መቶ አሥራ ሰባት። እዚያ አዳራሽ እኩል መውጣት ማለት መውደቅ ነው።

የመሪው ነገር ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። መንግሥትም እንደተዘጋ ቀረ።

አቶ ታልቦት ሲመለሱ ዊላን አስጠሩ። አልጮሁም።

«ልጄ፣ ማን ነው የነገራቸው?»

«እኔ ነኝ» አለች። «አዎ ይላሉ አላልኩም። ደክሟቸዋል ነው ያልኩት።»

«ለዚያ ለካልድዌል?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሽማግሌው አላባረሯትም። ለጊዜው መስማት ይሻልሻል ብለው በር ላይ ካለው የስልክ ጠረጴዛ አስቀመጧት። የስድስት ዓመት አማካሪ ስልክ አንሺ ሆነች። ማታ ኢዳ ደወለችና ዛሬ ይከፈታል ብላችሁ አልነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ዊላ ገና ነው አለቻት። ያቺ አንድ ድምፅ የጠፋችው በእሷ ምላስና በኤሞሪ እርሳስ መሆኑን ለእህቷ መንገር አልቻለችም።

ኤሞሪ ሲደውል አላነሳችለትም። በሁለተኛው ቀን ግን እናቱ ደወሉ።

ወይዘሮ ካልድዌል ከኤሞሪ የትውልድ አገር ከነብራስካ ወጥተው አያውቁም፣ ድምፃቸው እንደ ማር ነው። «የኔ ቆንጆ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» ብለው ጀመሩ። የአጥቢያቸውን ቤተ ክርስቲያን ለግንቦት አስይዘዋል፣ ከመንደሩ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ጋር ስለ ሥራዋ ተነጋግረዋል፣ ለሙሽሮቹ የታሰበው በረንዳ ያለው ቤት ቀለም እየተቀባ ነው፤ አሁን የሚቀረው የቀሚሷ ልክ ብቻ ነው። ዊላ ልኳን ነገረቻቸው። እኚህን ደግ ሴት ምን ይሏቸዋል? ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ ማቆሚያ የሌለው ሳቅ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ታልቦት የገዛ ሐሳባቸውን ከቴሌቪዥን ሰሙ፤ እሷ የገዛ ሠርጓን ከስልክ ሰማች።

ከሰዓት በኋላ ኤሞሪን ደረጃው ላይ አገኘችው።

«ለእናትህ ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?»

ገባው። ፊቱ ጠቆረ። «ተስማምታለች አልኩ።»

«መቼ ነው የተስማማሁት?»

«የቤቱን ፎቶ ሳሳይሽ ደስ ይላል አልሽ።»

«ቤቱ ደስ ይላል። ቤቱን ነው ያልኩት።»

ኤሞሪ የደረጃውን መደገፊያ ያዘ። ሰዎች በአጠገባቸው እየወጡና እየወረዱ ነበር፤ ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዊላ፣ እኔ እኮ ይሄ ሁሉ እንዲያልቅ ፈልጌ ነው። ታልቦትንም የጻፍኳቸው እንዲያልቅ ነው። አንቺንም ይዤሽ ከዚህ ቤት እንድወጣ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ሕጉን የነገርከኝ አንተ ነህ። እሳቸውን አልጠየቅካቸውም። እኔንም አልጠየቅከኝም። ሁለታችንንም ድካማችንን አይተህ ቆጠርከን።»

ቢከራከራት ይቀላት ነበር። «እንግዲህ ከዝርዝርህ አውጣኝ» አለችውና ደረጃውን ወረደች። ታች ስትደርስ ዞር ብላ እንዳታይ ራሷን ለመነች። ዞራ አየች። እዚያው ነበር፣ እጁ ባዶ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አይወሩ። ዊላ ስልክ ታነሳለች፣ ትሰማለች፣ ስም ትመዘግባለች። የወህኒ ጠባቂ ሚስት፣ የደን ዘበኛ፣ አውሮፕላን የሚያሳርፍ ሰው፤ ሁሉም በመጀመሪያ ይቆጣሉ፣ ከዚያ ይደክማቸዋል፣ በመጨረሻ እሷን አይዞሽ ይሏታል። ተቃዋሚዎቹ በየቀኑ ወጥተው ይሳደባሉ፤ ችካሎቹና ሸምበቆዎቹ ደግሞ እርስ በርስ ይሳደባሉ። ከኤሞሪ ጋር በኮሪደር ሲተላለፉ እሱ ዓይኑን ይሰብራል፣ እሷ ካለፈ በኋላ ጀርባውን ታያለች። ትወደዋለች፤ ነገሩ የከበዳት ለዚህ ነው።

በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ጠዋት የቢሮውን በር ገፍቶ ገባ።

«አቶ ታልቦትን ለማየት ነው።»

«ቀጠሮ አለህ?»

«የለኝም። እጠብቃለሁ።»

ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ፊት ለፊቷ ካለው ወንበር ተቀምጦ ጠበቀ። አላናገራትም፣ ካርዱንም አላወጣም። ስልክ ስታነሳ መሬት መሬት ያያል፣ ስትዘጋ ቀና ይላል። አንዴ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙና ሁለቱም ዓይናቸውን ቀድመው መንቀል አቃታቸው። በመጨረሻ ሽማግሌው ራሳቸው በሩን ከፍተው አዩት፣ ግባ አሉት፣ በሩን ሊዘጋ ሲል ግን ክፍት ይሁን፣ ልጅቱም ትስማ አሉ።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አለ ኤሞሪ ቆሞ። «ሳልጠይቅዎ ቆጠርኩዎ። ጥፋቱ የኔ እንጂ የዊላ አይደለም።»

«እሺ፣ ዛሬስ ምን ፈለግህ?»

«ልጠይቅዎ። መንግሥት እንዲከፈት ድምፅዎን ይሰጣሉ?»

ዊላ እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። ስልኩ ጮኸ፤ አላነሳችውም።

«ሠላሳ ስድስት ቀን ሙሉ» አሉ አቶ ታልቦት፣ ቃሉን እየጎተቱ፣ «መሪህ አስፈራራኝ። ወዳጆቼ ከካድከን ዓይንህን አናይም አሉኝ። ጋዜጣው ሰደበኝ። እንዲህ አፉን ከፍቶ የጠየቀኝ ሰው የለም።» ክራቫታቸውን ነካ አደረጉ። «ያን ቀን ጠዋት አዎ ልል ነበር። ክራቫቴንም ለዚያው ብዬ መርጬ ነበር። ቴሌቪዥኑ ቀደመኝ፣ እኔም በእልህ እምቢ አልኩ። የዚህች ልጅ እህት በእኔ እልህ ምክንያት ተጨማሪ ስድስት ቀን መኪና ውስጥ አደረች። ይሄን ማንም አልጻፈብኝም፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ መልስዎ?» አለ ኤሞሪ በቀስታ።

«አዎ ነው። አሁን ካርድህን አውጣና ፊቴ ጻፈው።»

ከሰዓት በኋላ ከስማቸው ጎን አረንጓዴ መብራት በራ። ሁለት መቶ አሥራ ስምንት፤ ሐሳቡ አለፈ፣ መንግሥትም ተከፈተ። ሃያ ዓመት አብሯቸው ምሳ የበላ ችካል ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጣቸው፤ ሽማግሌው አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ቢሮ ሲመለሱ ዊላን ወደ ቀድሞ ጠረጴዛሽ ተመለሺ አሏት፣ በመጀመሪያ ግን ለእህትሽ ደውይላት።

በማግሥቱ ምግብ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሰው ሁሉ ከረጅም ሕመም እንደተነሣ ዝም ብሎ ይበላል፤ ደስታ ለማሰማት እንኳ አቅም ያለው አልነበረም። ኤሞሪ ሾርባውን ይዞ መጣና ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመ።

«መቀመጥ እችላለሁ?»

ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ አያውቅም፤ ዝም ብሎ ነበር የሚቀመጠው። ወንበሩን በእግሯ ገፋ አደረገችለት።

«ልጠይቅሽ ነው» አለ። «ታገቢኝና ነብራስካ ትመጫለሽ?»

ዊላ ሾርባዋን ትክ ብላ አየች። በምክር ቤቱ አንድ የቆየ መብት አለ፤ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ተጠቅልሎ ከቀረበ ማንኛውም ተመራጭ ተነሥቶ ለሁለት ይከፈልልኝ ማለት ይችላል፣ ድምፅም ለየብቻ ይሰጣል።

«ጥያቄው ለሁለት ይከፈልልኝ» አለችው።

ሊስቅ ከጅሎት ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። «እሺ። ነብራስካ ትመጫለሽ?»

«አልመጣም። እህቴ እዚህ ነው የምትፈልገኝ። ሥራዬም እዚህ ነው። ቤቱ ደስ ይላል፣ ቤቴ ግን አይደለም።»

ኤሞሪ ራሱን ዝቅ አደረገ። በረንዳውን እያሰበ እንደሆነ፣ እናቱንም፣ ግንቦትንም እያሰበ እንደሆነ አወቀች። ቃሏን ግን አላጠፈችም። ሁለቱም ሳህኖች ሳይነኩ ቀዘቀዙ። ተነሥቶ የሚሄድ መሰላት።

«ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ» አለ በመጨረሻ። «ዋሽቼሽ ነበር እላታለሁ።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ነብራስካን እምቢ እንዳልሽ፣ እኔም እዚሁ ሆኜ፣ ታገቢኛለሽ?»

«አዎ» አለች ዊላ።

እጁ በልማድ ወደ ደረት ኪሱ ሄደች። ካርዷን ነካት፣ ከዚያ ትቷት ማንኪያውን አነሣ።

«አትጽፈውም?» አለችው።

«ምን ያደርግልኛል» አለ፣ ዓይኖቹ እንባ አቅርረው፤ «ሰምቼዋለሁ እኮ።»

ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር። ዊላ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣችው።