ያልተሸኘው ንጉሥ

ሐረገወይን በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ የአዋሽ ሙቀት ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ በሚያስገባበት ሰዓት፣ ካርታ አንባቢዋ እትዬ በለጡ ቤት ሄዳ በመጫወቻ ካርታ ዕድል ማንበብ ትማራለች። ባሏ ሸዋንግዛው የጭነት መኪና ይዞ ወደ ጅቡቲ ከወጣ ሦስት ወር አልፎታል፤ ስልኩ አይሠራም፣ አብረውት የሚነዱትም አላየነውም ይላሉ። መጀመሪያ የመጣችው ለማስነበብ ነበር። እትዬ በለጡ በየቀኑ መመላለሷን አይተው «ከምትንከራተቺ ራስሽ ተማሪው» አሏትና ጠርዙ የተበላ አሮጌ ካርታ ሰጧት።

ትምህርቱ ከባድ አልነበረም። ተመርጠው የተያዙ ሃያ አንድ ካርታዎች በሦስት ረድፍ ይዘረጋሉ። ቀይ ልብ ያለበት ንጉሥ የሚጠየቅለት ሰው ነው፤ ጥቁሩ ባለ አንድ የቤቱ በር ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚወድቁት ደግሞ መንገዱ ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ንጉሡ ላይ ብቻ ታፈጪያለሽ» ይሏታል እትዬ በለጡ እየሳቁ። «ሌሎቹም እኮ ካርታ ናቸው፤ ይቀየሙሻል!»

በአንድ ነገር ግን አይስቁም። ሩቅ ላለ ሰው ካርታ የዘረጋ ሁሉ፣ ሲጨርስ ንጉሡን በፊቱ ደፍቶ «ወደ ነበርክበት ተመለስ» ማለት አለበት።

«ካርታ መልክ አይለይም» አሏት። «ስትጠሪ ማን እንደሰማሽ አታውቂም። ስለዚህ ሁልጊዜ ሸኚ።»

ሐረገወይን ቤቷ ብቻዋን ስትዘረጋ ግን ቃሉን ከአፏ ማውጣት አቃታት። ሦስት ወር ሙሉ ና ስትለው የከረመችውን ሰው እንዴት ተመለስ ትበለው? ንጉሡን ሳትደፋ ካርታውን እንደተዘረጋ ጠረጴዛው ላይ ተወችው።

የመጀመሪያው ቀን በንጉሡና በበሩ መካከል ስድስት ካርታ ነበር። በማግስቱ ሰብስባ፣ ደህና አድርጋ በውዛ ስትዘረጋ አምስት ሆነ። በሦስተኛው ቀን አራት። ከደስታዋ የተነሳ ለብቻዋ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ግን አንድ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ሰባት ወር ዝናብ ባልነካው ከተማ፣ ቆርቆሮው በፀሐይ እየተንጣጣ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ ገና የወጣ የእርጥብ አፈር ሽታ። መስኮቱን ብትከፍተው ከውጭ የሚገባው የናፍጣና የአቧራ ጠረን ብቻ ነው። እርጥበቱ ያለው ከውስጥ ነበር።

ሦስት ካርታ በቀረ ቀን ጎረቤቷ ዘሃራ በአጥሩ በኩል ተጣራች።

«ሐረግ! እንኳን ደስ ያለሽ! ደብቀሽን ነው?»

«ምኑን?»

«ሸዋን ነዋ! አሁን በራችሁ ላይ ቆሞ አየሁት። ሰላም ብለው ዘጋኝ፤ ፊቱን ብረቱ ላይ ለጥፎ ዝም! ጅቡቲ አኮራችው በያ!»

ሐረገወይን እየሮጠች ሄዳ በሩን ከፈተችው። ማንም የለም። ደጃፉ ላይ፣ እግር በሚያቃጥለው አቧራ ውስጥ፣ ሁለት ጫማ የሚያህል ቦታ ረጥቦ ነበር። ቆማ ጠበቀችው፤ አልደረቀም።

በማግስቱ ይህንኑ ስትነግራቸው እትዬ በለጡ ካርታዋን ተቀብለው አሸተቱት።

«ሸኝተሽዋል?»

«አዎ» አለች፤ ዓይናቸውን ሳታይ።

አሮጊቷ ካርታውን በጣታቸው ጫፍ ወደ እሷ ገፉት። «ዛሬ ትምህርት የለም። ነገም አትምጪ» አሉ፤ እሷ ወጥታ ገና ደረጃውን ሳትጨርስ መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲገባ ሰማች።

በመካከል ያለው ካርታ ሁለት፣ ከዚያም አንድ በሆነ ማግስት፣ በሩቅ ያሉት ፍየሎች እንኳ ጩኸታቸውን ባቆሙበት የቀትር ጸጥታ፣ ሐረገወይን ለመጨረሻ ጊዜ ዘረጋች። ንጉሡ ከበሩ ጎን ወደቀ፤ በመካከላቸው ምንም የለም። ወዲያው ከመኝታ ክፍሉ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የአልጋው ሽቦ ከባድ ሰው እንደተቀመጠበት ቀስ ብሎ ሲጢጥ አለ። የአፈሩ ሽታ ጉሮሮዋ ድረስ ገባ።

«ሸዋ?»

ሳል መለሰላት። የእሱ ሳል ነው፤ የሲጋራው፣ የጠዋቱ ሳል። እንባዋ መጣ። ልትነሳ ጠረጴዛውን ስትደገፍ ስልኳ ጠራ፤ የማታውቀው ቁጥር ነው።

«ሐረጌ! እኔ ነኝ፤ በሰው ስልክ ነው። መኪናው ተገልብጦብኝ ይኸውልሽ ሆስፒታል ተኝቼ ከረምኩ። እግሬ ነው እንጂ ደህና ነኝ፤ አታልቅሺ። ቅዳሜ እቤቴ ነኝ። ትሰሚኛለሽ?»

ትሰማዋለች። የመኪና ጥሩንባ፣ የሰዎች ጫጫታ፣ በመካከሉም የባሏ ትንፋሽ። ሕያው ነው።

«ማነው፣ ሐረጌ?» አለ ያው ድምፅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ።

ከመጋረጃው በታች፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ጭቃ የለበሱ ሁለት እግሮች ቆመው አየች፤ ጨርቁ ፊት በሚያህል ቦታ ወደ እሷ አበጠና ገባ፣ አበጠና ገባ፣ እንደሚተነፍስ ሰው።

«ሐረጌ? ቅዳሜ እመጣለሁ እኮ ነው የምልሽ!» አለ ስልኩ ውስጥ ያለው፣ በደስታ።

ሐረገወይን ስልኩን ወደ ከንፈሯ አስጠጋችና፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው እንዳይሰማ በሹክሹክታ፣ «አትምጣ» አለችው።