አመድ የለበሱት ትሎች

ትሎቹ በሙሉ ሞተዋል። ሣጥናቸው አመድ በአመድ ሆኗል።

አቶ ብዙነህ ከጎጃም ተመድበው ሰቆጣ የመጡ የግብርና ሠራተኛ ናቸው። የእሳት እራት በፋኖስ እያጠመዱ ሻሽ በተወጠረበት ሣጥን ያኖራሉ። እንቁላሉ ወደ ሌላ ሣጥን ይዛወርና ትሉ በማሽላ ቅጠል ያድጋል። ትሉ ለገበሬ የሚታደሉት የመንግሥት ጫጩቶች ቀለብ ነው። ትሉ ደግሞ ሌላ አይደለም፤ ተምች ነው። አገሬው «ሰውዬው ተምች ያረባል» እያለ ያማቸዋል፤ ማን ይፈርድበታል?

«ደጅይጥኑ ነው» አሉ አቶ ብዙነህ ለፖሊሱ ለአሥር አለቃ ወልደ ሐዋርያት። «ረዳቴ ነበር። ትናንት ባሰናብተው ‹ያዩታል!› ብሎኝ ወጣ።»

ደጅይጥኑ ታሰረ። በማግስቱ ደሴ ሊላክ ነው። ደሴ ወህኒ የገባ ድሃ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው።

አሥር አለቃውን ግን አንድ ነገር ከነከነው። የእሳት እራቶቹ ሣጥን እዚያው አጠገብ ነበር፤ አልተነካም።

«ደጅይጥኑ፣ ተምች ከየት ይመጣል?»

«ከእሳት እራት እንቁላል ነዋ፣ ጌታዬ። የማዛውረው እኔ አልነበርኩ?»

«ሰውዬውን ልትጎዳ ብትፈልግ የቱን ታጠፋ ነበር?»

«እናቶቹን። ትሉማ ወዲያው ይተካል።»

አሥር አለቃው የዚያው አገር፣ የዋግ ልጅ ነው። እስከዚያች ቀን ተምች ከዝናብ ጋር ከሰማይ የሚወርድ ይመስለው ነበር፤ አባቱም የነገሩት ይህንኑ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ትሉን ፈጅቶ እናቱን የማረ ሰው፣ እናትነቷን አያውቅም ማለት ነው። ከሁለቱ ወንዶች ሌላ ግቢው የምትገባው ደግሞ ቅጠል አቅራቢዋ ይታየሽ ብቻ ናት።

ቅጠሏን እንደታቀፈች በር ላይ አገኛት።

«እታለም፣ ተምች ከየት ይመጣል?»

«ከላይ ነዋ! እግዜር ሲቆጣ ያወርደዋል።»

«ክንፋሞቹስ?»

«እነሱ ምን አደረጉ? ምስኪኖች።»

«ደጅይጥኑ ትሎቹን ፈጅተሃል ተብሎ ነገ ደሴ ይሄዳል።»

ቅጠሉ ከእጇ ወደቀ።

«ኧረ በማርያም! ልጁን ፍቱት። እኔ ነኝ።»

አምና እዚያው ዋግ፣ ዝቋላ ላይ ተምች ማሽላዋን ሙልጭ አድርጎ በላባት። ባሏ ሥራ ፍለጋ ሑመራ ወረደ፤ ወሬውም ጠፋ። እሷ ሰቆጣ ገብታ ያገኘችው ሥራ ያንኑ ትል መቀለብ ሆነ።

«ቤቴን ያፈረሰውን ጠላት በእጄ አበላሁት» አለች እያለቀሰች። «ትናንት አንጀቴ አልችል አለ። አገሬ እንደምናደርገው አመድ ነሰነስኩበት።»

ደጅይጥኑ በዚያው ሰዓት ተፈታ። አቶ ብዙነህ «እሷ ትታሰር!» እያሉ መጡ። አሥር አለቃው ግን አዝኖላት ነበርና ወደ ክንፋሞቹ ሣጥን ወሰዳት። ሻሹ ላይ የተጣበቀውን የእንቁላል ክምር፣ ከክምሩም መውጣት የጀመሩትን ቀጫጭን ትሎች አሳያት።

ይታየሽ ጎንበስ ብላ ብዙ አየች።

«ይህቺ ናት የወለደችው?»

«እሷ ናት።»

«ዝቋላ እያለሁ ኩራዜ ላይ ስትመጣ፣ እንዳትቃጠል ብዬ በቀስታ እይዛትና ማሽላዬ ውስጥ እለቃት ነበር» አለች።

አቶ ብዙነህ እስር የሚለውን ቃል ዳግመኛ አላነሱም።