ቁጥር ሦስት ቢጫ

ሸውቂ በሬን ከማንኳኳቱ በፊት ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። መሐላ አል ኩብራ ከተማ ውስጥ፣ በጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ፣ አራት በሦስት ሜትር የሆነች የቀለም መመርመሪያ ክፍል አለችኝ። ግድግዳዋ ግራጫ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ እንደ ቀን ብርሃን የሚያበራ ነጭ መብራት ተሰቅሏል። ከሥሩ ከዜሮ እስከ አሥር የተቆጠሩ የቢጫ ናሙናዎች ተደርድረዋል፤ ዜሮ ነጭ ነው፣ አሥር የበሰለ ሎሚ። እኔ ነዕማት ነኝ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ባሌ በጉበት በሽታ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ እንጂ የወንድ ፊት አተኩሬ አላየሁም።

ሰኞ ጠዋት አንድ የማስታወቂያ ጽሕፈት ሠራተኛ ጨርቅ ታቅፎ ገባ።

«ሸውቂ እባላለሁ። መንግሥት ለጀመረው የጉበት ምርመራ ዘመቻ ሃያ የማስታወቂያ ጨርቅ እየጻፍኩ ነው። ይሄ ነጭ ብላችሁ የሸጣችሁልኝ ግን ነጭ አይደለም!»

«ነጭ ነው። መብራቱ ሥር ያምጡት።»

አጎንብሶ አየ። ዜሮ ነበር። ተሸንፎ ፈገግ እያለ ቀና ሲል መብራቱ ፊቱ ላይ አረፈ። የዓይኑ ነጭ ክፍል... ነጭ አልነበረም። ቁጥር ሦስት ነበር።

ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

«ምነው እመቤቴ፣ ፊቴ ላይ ቀለም አለ እንዴ?»

«የለም» አልኩ፤ አሁንም እያየሁት።

ጆሮው ቀላ። ጨርቁን ረስቶ ወጣ።

ሐሙስ ዕለት ቤቴን ከፋብሪካው ሰዎች ጠይቆ፣ እህቱን አስከትሎ እኔን ለማግባት ሊጠይቅ መጣ!

«ምን አድርገሽው ነው በሦስት ቀን እንዲህ የሆነው?» አለኝ በስዩኒ የሚባለው ወንድሜ፣ ሳቁን አፍኖ።

«ዓይኑን አየሁት።»

«እሱማ ይበቃዋል!»

እኔና ወንድሜ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልቀበላቸው ወደ ደረጃው ወጣሁ። ሸውቂ ሁለት ቦታ ቆሞ አረፈ፤ ድካሙን ለመደበቅ በየበሩ የተጻፈውን ስም ያነብ ጀመር።

«ይሄን የጻፈው ሰው እጁ መታሰር ነበረበት» አለ እያለከለከ። እህቱ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እንደዚያ ከሳቅሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ለእንግዳ ቅባታም ዳክዬ ጠብሼ ነበር። ሸውቂ ግን አንድ ጉርሻ አልዋጠም። ክንዱን ደጋግሞ ያካል።

በስዩኒ ወደ ወጥ ቤት ጎትቶ ወሰደኝ። «ወይ ንቆናል፣ ወይ የሆነ የሱስ ክኒን ይቅማል። አየሽው እንዴት እንደሚያክ? ይሄ ሰው አይሆንም!»

«አልናቀንም» አልኩት። ድካሙን፣ ማሳከኩን፣ ቅባት መጥላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ባሌም እንደዚያ ነበር፤ እኛ ግን «ሥራው ነው፣ ዕድሜው ነው» እያልን ሁለት ዓመት አሳለፍን። ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ የቢጫ ናሙና የምለይ ሴት፣ በቤቴ ቢጫ አምፖል ሥር የባሌ ዓይን መለወጡን አላየሁም። አሁን ዝም ብል ሁለተኛ ሰው መቅበሬ ነው።

በረንዳ ላይ ብቻውን አገኘሁት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሽንትዎ ምን ይመስላል?»

«ምን?!»

«ቀለሙን ነው።»

«እመቤቴ፣ እኔ ለጋብቻ ነው የመጣሁት!... እሺ፣ እንደ ጠቆረ ሻይ ነው። ውሃ ስለማልጠጣ ይሆናል።»

«በልጅነትዎ የቢልሃርዚያ መርፌ ተወግተዋል?»

«ያልተወጋ ማን አለ! ትምህርት ቤት ተሰልፈን፣ ሁላችንም በአንድ መርፌ። እኔ አላለቀስኩም።»

«ሃያው ጨርቅ ላይ ‹በጋራ መርፌ የተወጋ ሁሉ ጉበቱን ይመርመር› ብለው ሲጽፉ ግን አንብበውታል?»

ክንዱን ማከኩን አቆመ። አሁን ገባው።

«ታዲያ ሰኞ እንደዚያ ያዩኝ...»

«ዓይንዎ ቢጫ ሆኖብኝ ነው። እባክዎ ይመርመሩ።»

«እኔ ደግሞ የወደዱኝ መስሎኝ...» ኮቱን አነሣ። «በሽታዬን እንጂ እኔን አላዩኝም ማለት ነው።»

እህቱን ይዞ ወረደ። በዚህኛው ጊዜ የአንድም በር ስም አላነበበም።

አሥራ አንድ ቀን ድምፁ ጠፋ። በእነዚያ ቀናት ቁጥር ሁለት ናሙናን ሦስት ብዬ መዘገብኩ፤ በሃያ ዓመት ሥራዬ የመጀመሪያው ስህተት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወረቀት ይዞ ወደ ክፍሌ መጣ።

«ልክ ነበሩ። ሄፓታይተስ ሲ ነው። ጉበቴ ጠባሳ ይዟል፤ ግን አልረፈደም አሉኝ። የሦስት ወር ክኒን ሰጥተውኛል።»

የያዝኩትን ሻይ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «አልረፈደም... ተመስገን!»

ሻይ ልቀዳለት ስል ከኪሱ የራሱን ብርጭቆ አወጣ።

«በዚህ ይቅዱልኝ። ላመሰግንዎና ልሰናበትዎ ነው የመጣሁት። በሽታውን ላስይዝዎ አልፈልግም።»

ቀዳሁለት። አንዴ ፉት እንዳለ ከእጁ ተቀብዬ የቀረውን ጨለጥኩት።

«ምን ማድረግዎ ነው!»

«በዚሁ በሽታ ከሞተው ባሌ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአንድ ሳህን በልቻለሁ። ተመርምሬ ነጻ ነኝ። የሚተላለፈው በደም ነው እንጂ በብርጭቆ አይደለም። ምላጭህንና የጥርስ ብሩሽህን ለይ፤ ይበቃል።»

«አንተ» ማለቴን ሁለታችንም ሰማን።

«ግን... ሰኞ ያየሽው በሽታዬን ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ሰኞ፣ አዎ። ሐሙስ ግን ደረጃው ላይ ትንፋሽ አጥሮህ የሰው ጽሑፍ ስትነቅፍ... ያኔ ያየሁት አንተን ነው።»

ሸውቂ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀ ነው።

«ሽንቴን ጠይቃ ያገባችኝ ሴት ብዬ ለማን ልንገር?»

«ለማንም!»

በስዩኒ ታሪኩን ሲሰማ አፈረ። በማግስቱም ቅባት የሌለው የዳክዬ ሾርባ ራሱ ተሸክሞ ሸውቂ ቤት ወሰደ። ክኒኑ ባለቀ በሁለተኛው ሳምንት ተጋባን። ሸውቂ በራችን ላይ ስማችንን በሰማያዊ ቀለም ጻፈ። እንግዳው ሁሉ ደረጃ ሲወጣ ቆሞ ያነበዋል።

የመጨረሻውን ክኒን ከዋጠ ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ ደሙ እንደገና ተመረመረ። ጠባሳው በየስድስት ወሩ በሐኪም ይመረመራል፤ ቫይረሱ ግን በደሙ ውስጥ አልተገኘም። በዚያው ቀን ወደ ክፍሌ ወስጄ ነጩ መብራት ሥር አስቀመጥኩትና ናሙናዎቹን ከዓይኑ አጠገብ አንድ በአንድ ያዝኩ። ዜሮ ነበር።